የማኅበርተኛዋ ድርሻ

የሥራ ባልደረባዬ የምሳ ቦርሳ ሮዝና አረንጓዴ ነው። ጃንጥላዋም እንደዚያው። ስድሳ ዓመት ያለፋት ነርስ ናት፤ አገር ቤት ብትሆን አንቱ የምላት ሴት። እዚህ አሜሪካ ግን በስሟ ነው የምጠራት። አሥራ አራት ዓመት ጠርቻትም ዛሬም አፌ ላይ ትንሽ ይከብደኛል።

መጀመሪያ ሰሞን ቀለም የምትወድ ሴት መስላኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ለካ ማኅበርተኛ ናት።

ማኅበሩ አልፋ ካፓ አልፋ ይባላል፤ ቀለሙ ሮዝና አረንጓዴ ነው። እዚህ አገር ሶሮሪቲ የሚሉት፣ ኮሌጅ እያሉ የሚገቡበት የሴቶች ማኅበር ነው። አበሻ ሶሮሪቲ ሲባል ትዝ የሚለው ፊልም ላይ ያየው ጭፈራ ነው። የጥቁር አሜሪካውያኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ስትመረቂ አያልቅም። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴቶች ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ ለተማሪ ገንዘብ ያሰባስባሉ። አንዷ ስትሞት ነጭ ለብሰው፣ የራሳቸው ሥርዓት አድርገው ይሸኟታል። ካማላ ሃሪስም በ1986 እዚህ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች የገባችው እዚሁ ማኅበር ውስጥ ነው።

ባለፈው ወር ምሳ ሰዓት ላይ ይቺ ባልደረባዬ ስልኳን አየት አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ሾርባዋን ተወችው። በአንድ ዙር አብረዋት ከገቡት ሴቶች አንዷ ከማኅበሩ መውጣቷን በቪዲዮ አውጃለች። ምክንያቷ ሃይማኖት ነው። መሐላውና ሥርዓቱ ከክርስትናዬ ጋር አይሄድም ብላለች። ይኼ ነገር ባለፉት ጥቂት ዓመታት በየማኅበራዊ ሚዲያው በርከት ብሏል፤ ዩኒፎርሙን አውልቀው፣ ጌጡን ጥለው የሚወጡ ብዙ ናቸው።

«ተቀየምሻት?» አልኳት።

«አልተቀየምኩም» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን «ስትሞት ማን ነው የሚቆምላት?» አለች።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ይቺ ዋሽንግተን ተወልዳ ዋሽንግተን ያደገች ሴት የእናቴን ጥያቄ ከየት አመጣችው? እናቴ እድር ለሚንቅ ሰው ሁሉ መልሷ ይኼው ነበር፤ «ማን ይቀብረዋል?»

እናቴ እድርም ነበራት፣ እቁብም ነበራት፣ የምትሳሳለት ግን የማርያም ማኅበሯን ነው። በየወሩ በ21። ከእናቷ የወረሰችው ነው። መውጣት የሚባል ነገር ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ግን ስለሚዋደዱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ከጎረቤታችን ጋር በአጥር ተጣሉ። እኚህም ማኅበርተኛ ናቸው። ሃያ አንድ ደረሰ። ቄሱ «የተጣላ ሰው እያለ ጽዋው አይቀመስም» ብለው ቁጭ አሉ። ዳቦው ቀረበ፣ ጠላው ቀረበ፣ ሰው ሁሉ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ተነሥተው ተሳሳሙ። ማታ ቤት ስንገባ «እንግዲህ ታረቃችሁ?» ብላት «ለማርያም ታርቀናል፤ ለአጥሩ ገና ነው» አለችኝ።

ይቺን ነገር ዕድሜ ልኬን አልረሳትም። አገር ቤት ማኅበር ሰውን የሚይዘው በፍቅርም በይሉኝታም በቅጣትም ነው። የቀረ ይቀጣል፤ ያስቀረው ነገርም ይጠየቃል። ደግሞ የት ይሄዳል? ማኅበርተኛው ጎረቤቱ ነው፤ ውኃ ሲቀዳ ያገኘዋል፣ ለቅሶ ላይ ያገኘዋል።

አሜሪካ ግን በሩ ክፍት ነው። ለመውጣት ማንንም ማስፈቀድ የለብህም፤ ከዋትሳፕ ግሩፑ ትወጣለህ፣ በቃ። በነጮቹ ሶሮሪቲዎችም ይኼንኑ አይተናል። በ2020 ክረምት ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ግቢዎች በተዛመተው ንቅናቄ፣ ይኼ ሥርዓት ዘረኛ ነው፣ ይፍረስ እያሉ ተማሪዎች በገፍ ለቀዋል። እውነት ለመናገር ከወጡት ብዙዎቹን ገባኝ ነው የምለው። ታማኝነት ማለት አፍ ዘግቶ መቀመጥ ከሆነ እኔም አልፈልገውም።

የባልደረባዬ ማኅበር ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ መለያየት አለበት። እሷው ናት ያጫወተችኝ፤ ከዚያ በኋላ እኔም ፈልጌ አነበብኩ። አልፋ ካፓ አልፋ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በጥር 1908 ሃዋርድ ግቢ ውስጥ ነው። አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተማሪዎቹ አባላት ስሙንም ቀለሙንም እንለውጥ፣ ከግብዣ ያለፈ ሥራ እንሥራ አሉ። ኔሊ ኳንደር የምትባል፣ ቀድማ ተመርቃ የወጣች አባል ይኼን ሰማች። አይሆንም አለች። ሐሳባችሁን ካልለወጣችሁ ብላ ቀነ ገደብ ሰጠቻቸው። እነሱም እምቢ አሉ። 22 ሴቶች ወጥተው በጥር 13 ቀን 1913 ዴልታ ሲግማ ቴታን መሠረቱ።

አስቡት፤ ግቢው ውስጥ ያሉት እህቶችሽ ተነሥተው ሲሄዱ። ኳንደር ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ጓደኞቿን ሰብስባ በዚያው ወር፣ በ29ኛው ቀን፣ ማኅበሩን በሕግ አስመዘገበችው። ከእንግዲህ ማንም በአንድ ምሽት ድምፅ ሰጥቶ ስሙን ሊያጠፋው አይችልም። የወጡትም ዝም ብለው አልወጡም። በመጋቢት 3 ቀን፣ ገና ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት በፔንሲልቬኒያ አቬኑ በተደረገው ሰልፍ ወጡ። ዛሬ ሁለቱም ማኅበሮች እያንዳንዳቸው ከ300,000 በላይ ሴቶችን አባል አድርገዋል። ባልደረባዬ ዴልታዎቹን ስታነሳ ትንሽ አፏን ታጣምማለች። ታላቅ እህቷ ግን ዴልታ ናት፤ የምስጋና ቀን አብረው ነው ቱርክ የሚበሉት።

ይኼ ሁሉ የሆነው ደግሞ የእኛ ሰው ክትፎ ከሚበላበት ሰፈር አጠገብ ነው። ከሃዋርድ ወጥተሽ ጆርጂያ አቬኑን ቁልቁል ትንሽ ብትሄጂ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ ላይ የአበሻ ምግብ ቤት ታገኛለሽ። ስንት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ፤ ግቢው አጥር ውስጥ እንዲህ ያለ የማኅበር ጠብ እንደነበረ አላውቅም ነበር።

እኛም ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የማርያም ማኅበር አለን። ሃያ አንድ የሥራ ቀን ላይ ሲውል ወደ ቅዳሜ ይገፋል። ጠላው ቤዝመንት ውስጥ በፕላስቲክ በርሜል ይጠመቃል። ጽዋው ከባለ ተራዋ ቤት ወደ ሚቀጥለዋ ሲሄድ መኪናው ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቀበቶ ታስሮለት ነው። ስንጀምር አሥራ አንድ ነበርን። አንዷ ወደ ቴክሳስ ሄደች። አንዷ ቅዳሜ ሥራ ያዘች። ሁለቱ በአንዲት የፌስቡክ ጽሑፍ ምክንያት ተኮራርፈው ቀሩ፤ የሚያስታርቅ ቄስም አልተገኘም፣ ሁለቱም ስልክ አያነሱም። ሰባት ሆነን ሳለ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምቀርባት ጓደኛዬ ጴንጤ ሆነች። እንደ ባልደረባዬ ማኅበርተኛ ቪዲዮ አልለቀቀችም። ደወለችልኝና «ጽዋውን ከእንግዲህ አልችልም፤ አንቺን ግን አልተውኩሽም» አለችኝ።

ምን ልበላት? ሙሴያችን፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ ስሟ ከመዝገቡ ይሰረዝ አለች። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ አገር ቤትም ቢሆን እንደዚያ ነው። እኔ ተከራከርኩ። ለምን እንደተከራከርኩ በደንብ አላውቀውም። እናቴ ብትሆን ከሙሴዋ ጋር ትቆም ነበር ብዬ አስባለሁ። ወይም «ለማርያም ትሰረዝ፣ ለእኛ ገና ነው» ትል ይሆናል።

ለባልደረባዬ ይኼን ነገርኳት። «እና ምን አደረግሽ?» አለች።

ማኅበራችን ውስጥ ለቀረች ሴት ድርሻዋ ዳቦ ይላካል። ስሟ ተሰርዞም እኔ ያን ዕለት ከድፎው አንድ ቁራሽ ቆርጬ በፎይል ጠቀለልኩላት። ጸበል ጸዲቅ ስለሆነ ትቀበለኝ አትቀበለኝ አላወቅሁም፤ እንዳላስጨንቃት ብዬ አልወሰድኩላትም። ፍሪዘር ውስጥ ነው ያለው።

ባልደረባዬ ሳቀች። እሷም ለዚያች ለወጣችው ሴት በየዓመቱ የማኅበሩ የልደት ቀን ሮዝ ካርድ ትልክላት ነበር። የዘንድሮውን ነጭ ካርድ ገዝታለች፤ ምን እንደምትጽፍበት ጨንቋታል። ጥር ገና ሩቅ ነው። የእኔ ሃያ አንድ ግን የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ሁለተኛ ቁራሽ ሊጨመር ነው።