አስር ደቂቃ አትሞላም

ሐዋሳ ላይ አዲስ ሳይክል የገዛ ሰው ከጎማው ይልቅ አፉ ይፈጥናል። "ከቤትህ ቢሮ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?" በሉት። "ምን አላት! አስር ደቂቃ አትሞላም" ይላችኋል።

ስሌቱ ከየት መጣ? መንገዱ 6 ኪሎሜትር ነው። አንድ ቀን ከታቦር ተራራ ግርጌ ቁልቁል ሲንደረደር ስልኩ በሰዓት 37 ኪሎሜትር አሳይቶታል። ያቺ ቁጥር ከዚያ ወዲህ የእሱ ፍጥነት ሆናለች፤ ሽቅቡንም፣ ኮብልስቶኑንም፣ ባጃጅ የተደረደረበትንም በ37 ነው የሚያሰላው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲጨርስ፣ በሰዓት ወደ 20 ኪሎሜትር ገደማ ነበር የሚሮጠው። በእግሩ! ጀማሪ ሳይክል ነጂ ከተማ ውስጥ በአማካይ ከ12 እስከ 15 ቢሄድ ጎበዝ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው ሐይቁ ዳር ባለው በኃይሌ ሪዞርት በኩል ሲያልፍ፣ የያኔው ኃይሌ ከበር ቢወጣ በሩጫ ጥሎት ይሄዳል። 6 ኪሎሜትር በ15 ሲሰላ 24 ደቂቃ ነው። በ12 ከሆነ ግማሽ ሰዓት።

ይሄም ሰው ካላገኘ ነው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ሰው አለማግኘት አይቻልም።

የለመደ ሰው አንድ እጁን ለቆ ሰላም ብሎ ያልፋል። ጀማሪ እጁን ከለቀቀ ቦይ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይቆማል። ሰላም የሚሏቸው ትልቅ ሰው ከሆኑ ደግሞ ኮርቻ ላይ ሆኖ "እንደምን አደሩ" ማለት ነውር ነው፤ ይወርዳል።

"ደህና ነህ ልጄ? እናትህ ደህና ናት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ።"

"ይሄን ነገር ገዛህ? በስንት?"

ዋጋው ይነገራል። "ተበላህ" ይባላል። እትዬ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉና "ነፋስ ያንሰዋል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የላላ ጎማ ጉልበት ይበላል። ግን ነፋስ ለማስሞላት ሌላ ወረፋ አለ።

ትንሽ እንደሄደ ልጆች "ጋሼ፣ ጎማህ ይዞራል!" ብለው ይጮሃሉ። ጀማሪው ደንግጦ ያጎነብሳል። (ይሄ ቀልድ ከእኔም በፊት የነበረ ነው፤ ዛሬም ሰው ይይዛል።)

ብልህ ነኝ የሚለው እሁድ ይሞክራል። እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ስላለ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል፤ ቢሮው ግን ዝግ ነው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ሲሆን ያው መንገድ የሠራተኛ ሰርቪስ፣ ተማሪና ባጃጅ ይሞላዋል። ባጃጅ ደግሞ ተሳፋሪ ካየ ከኋላው ማን እንዳለ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም።

ቢሮ በር ላይ ሰዓቱ አላበቃም። የጥበቃው ሰው "እዚህ አይቆምም" ይላሉ። "እሺ የት ላቁመው?" "እኔ ምን አውቄ።" ድርድር ይጀመራል። ሳይክሉ ይታሰራል፤ ሸሚዙ ግን ገና ከጀርባው ጋር እንደተጣበቀ ነው። ላቡ እስኪደርቅ ቢያንስ አስር ደቂቃ። ያቺ "አትሞላም" የተባለችው አስር ደቂቃ እንግዲህ እዚህ ሞላች።

ከሁሉ የሚብሰው ስልክ ነው። መንገድ ላይ አለቃው ይደውላሉ። እየነዳ ማንሳት አይችልም፤ ዳር ይዞ አንድ እግሩን መሬት ላይ ይተክላል።

"የት ደረስክ?"

"ደርሻለሁ!" ይላል፣ አረብ ሰፈር ላይ ቆሞ። አጠገቡ ታክሲ የሚጠብቁት ሁሉ ይሰሙታል። እንደገና ለመነሳት ፔዳሉን በእግሩ ሲፈልግ ስልኩ ይጠራል። አሁንም እሳቸው ናቸው።