ካልሸጥኩት አልከሰርኩም

ጓደኛዬ ትሬደር፣ ማለትም በስልኩ ወርቅ ገዝቶ ሻጭ፣ ከሆነ ወዲህ የዓለምን ገበያ የምከታተለው በሚያዘው ነገር ነው። ብሔራዊ አካባቢ ካለችው ካፌያችን ተቀምጠን የወርቅ ዋጋ ከወጣለት፣ ማኪያቶ ከኬክ ጋር። ሂሳቡም በእሱ ነው። ከወረደበት ጥቁር ቡና። በጣም ከወረደበት ውሃ፣ ያውም የእኔን።

ባለፈው ሰኞ 40 ዶላር አተረፈ። ወዲያው ሸጦ ዘጋው። «ሳይመለስብኝ!» አለ ግንባሩን እየጠረገ። ማክሰኞ 40 ዶላር ከሰረ። አልዘጋውም። ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም ዋጋው እዚህ ሲወርድ በራሱ ይሸጥ ብሎ ያስቀመጠውን ወሰን፣ ትንሽ ወደ ታች ገፋው። ገበያው ተከተለው። አሁንም ገፋው። ኪሳራው 90 ሲደርስ ስልኩን በፊቱ ደፋው።

«ኧረ ሽጠውና ተገላገል!»

«ካልሸጥኩት አልከሰርኩም እኮ።»

ይህ ሰው ከሊስትሮ ጋር በ10 ብር የሚከራከር ነው።

በሽታው ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ሸፍሪንና ስታትማን የሚባሉ ምሁራን በ1985 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል፦ ሰው የሚያተርፈውን አክሲዮን ቶሎ ይሸጣል፣ የሚያከስረውን ታቅፎ ይቀመጣል። ካህነማንና ትቨርስኪ ደግሞ ከእነሱ 6 ዓመት ቀድመው፣ 100 ብር የማጣት ሕመም 100 ብር ከማግኘት ደስታ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ኒውተንንም ጨመርኩለት። ያ ሁሉ ጭንቅላት በ1720 የሳውዝ ሲ ኩባንያን አክሲዮን አትርፎ ሸጠ፤ ዋጋው አሁንም ሲወጣ አላስችለው ብሎ በውድ ገዛና ጉድ ሆነ።

«እሱ ያኔ ቻርት አልነበረውም» አለኝ።

ረቡዕ 90ው ተበላ። ሐሙስ በእጥፍ ገንዘብ ገባ። ትንታኔ አልነበረም፣ ብድር መመለስ ነው። ከወርቅ ጋር ደም ተቃብቷል። ወርቁ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሐሙስ ማታ ለገሀር የፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ያዝን። ዝናብ ያካፋል። 50 ደቂቃ ቆመን ሰልፉ ንቅንቅ አላለም። ቸርችልን በእግራችን ብንወጣው ኖሮ እስካሁን ቤት ነበርን።

«በእግራችን እንሂድ» አለኝ።

«ይሄን ያህል ቆመን? አሁንማ ይመጣል!»

ትክ ብሎ አየኝ። የሳምንቱን የመጀመሪያ ፈገግታ አሳየኝ።

«ልክ ነህ» አለ። «ከሰልፉ ካልወጣህ አልከሰርክም።»