ግድቡ ይሠራ፣ ግን ክረምት ሲገባ ባዶ ይሁን

ጎርፍ ለመከላከል ግድብ ይሠራ የሚለው ጽሑፍ «ግድብ ከተሠራ ጎርፍ አያሰጋም» ይላል፤ ይሄ ሐሳብ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። የጎርፍ ግድብ የሚያድነው ባዶ ቦታ ሲኖረው ነው። ለመስኖም ለጎርፍም ይሁን ተብሎ ሰኔ ላይ ሞልቶ ከቆየ፣ የሐምሌንና የነሐሴን ውሃ የት ሊያደርገው ነው?

እኛ ወሎዎች ይሄን እናውቀዋለን። ከጦሳና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በቦርከና ወንዝ በኩል ኮምቦልቻ ሜዳ እስኪደርስ ጊዜ አይሰጥም፣ ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም፣ አፈርና ድንጋይ ጭኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ተራራው ላይ እርከንና ዛፍ ከሌለ ግድቡ ቶሎ በደለል ይሞላል። ከዚያ ውሃው በላዩ ያልፋል። የአፈር ግድብ ከሆነማ ተሸርሽሮ ይናዳል። ሊቢያ ውስጥ ደርና ላይ በጳጉሜ 2015 በአንድ ሌሊት የፈረሱት ሁለት ግድቦች እኮ ከተማዋን ከጎርፍ ለመጠበቅ የተሠሩ ነበሩ፤ ጥገና ሳያገኙ ኖረው ሺዎች አለቁ። በጣም ያሳዝናል።

እባካችሁ የማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት መንገድ) ስፋት፣ የየዓመቱ ፍተሻ፣ ሌሊት ውሃ ሲለቀቅ ታች ላለው ገበሬ ማን እንደሚነግረው ከዲዛይኑ ጋር አብሮ ይታሰብ። ወንዝ ዳር የሚያድር እረኛ ስልክ ላይኖረው ይችላል፣ የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ግን መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል።