ትንሽ ሞቅ ላድርጋት?

ባለፈው ወር ሰፈራችን አንዲት እናት አረፉ። የእድራችን ጸሐፊ ነኝና የሐዘን ባነር የማሠራቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ፎቶውን አስገባ፤ ስማቸውን ጻፈ። ፊደሉ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ጨዋ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ግማሽ ደቂቃም አልቆየ።

«ጋሼ፣ ይቺ ደረቀች» አለኝ። «ትንሽ ሞቅ ላድርጋት?»

መልሴን ሳይጠብቅ የፎንቱን ዝርዝር ቁልቁል ነዳው። አንዱ ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ። ጫፋቸው እንደ ሪዝ የተጠመዘዘ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ግማሹ ወደ ግራ ግማሹ ወደ ቀኝ ያዘመመ፣ እስክስታ የሚወርዱ ፊደሎች። ዙሪያቸውን ወርቃማ ስትሮክ አለበሳቸው። ሻዶ ጨመረ። ቦታ ስለተረፈው ደግሞ ጫፉን ይዞ ወደ ጎን ለጠጠው። እትዬ በሕይወት ሳሉ እንዲህ ጨፍረው አያውቁም።

ከሥር በእንግሊዝኛ «ረስት ኢን ፒስ» ጨመረበት። ኮሚክ ሳንስ በሚባለው ፊደል። እዚህ ላይ ባርኔጣ ቢኖረኝ አወልቅ ነበር። ኮሚክ ሳንስን የቀረጸው ቪንሰንት ኮናሬ የሚባል የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994። ቦብ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ አንድ የካርቱን ውሻ ነበረ። ንግግሩ የተጻፈው በታይምስ ኒው ሮማን፣ ማለትም በጋዜጣ ፊደል ነው። ሰውየው ይህን አይቶ አላስቻለውም። ውሻ እንዴት እንደ ርዕሰ አንቀጽ ይናገራል? ለውሻው የሚመጥን ተጫዋች ፊደል ሠራለት። ፊደሉ ግን ለዚያ ፕሮግራም ሳይደርስ ቀረ። ውሻው ሳይለብሰው ለእኛ ሐዘን ደረሰ።

ይህን የሚንቅ ካለ ልንገረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ፣ ሳይንቲስቶች ለአሥርት ዓመታት ያሳደዷት የሂግስ ቅንጣት መገኘቷ ሲበሠር፣ ግኝቱን ካቀረቡት ሁለት ቡድኖች የአንዱ ስላይዶች የተጻፉት በዚሁ በኮሚክ ሳንስ ነበር። እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። ልዩነቱ እነሱ ቅንጣቷን ማግኘታቸው ነው።

ኮናሬ የተጨነቀው ማን በምን ፊደል ይናገር ብሎ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ አድልዎ የለም። ያቺው ፊኛ የመሰለች ፊደል ሥጋ ቤት ላይ አለች፣ ጥርስ ክሊኒክ ላይ አለች፣ የጨረታ ማስታወቂያ ላይ አለች። አንድ ሕንፃ ላይ «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚለው ጽሑፍ በዚህችው ፊደል፣ በሮዝ ቀለም ተጽፎ አይቻለሁ። ልደት ያለ መስሎኝ ኬኩን በዓይኔ ፈለግኩ።

የድሮ ጸሐፊዎች ያሳዝኑኛል። ብራና ፍቀው፣ መቃ ቀርጸው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ሲያስጌጡ ግን እንዴት እንደሚሰስቱ! ጌጡን ሁሉ ገጹ አናት ላይ ሐረግ አድርገው ይስሉታል። ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለመሰል ቦታ ብቻ። ፊደሉን አይነኩትም፤ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ይቆማል። የካሴት ዘመን ሰዎችም ያው ናቸው። ለአንድ ካሴት ሽፋን አንድ ፊደል በእጅ ይስላሉ፤ ነገ ለሌላው ሌላ። ምን ያለ ድካም ነው፣ አንዱን አውርዶ ለሁሉም ማልበስ እየተቻለ!

የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ ጥበብ የተፈጠረ ነው። ፈረንጅ ኤውን ቢጠመዝዘው ያው ኤ ነው፤ ጉዳት አያውቅም። እኛ ጋ «በ»ን «ቡ» የምታደርጋት ወገቧ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናት። «ቢ»ን ከ«ቤ» የምትለያት እግሯ ሥር ያለች ቀለበት ናት። ጌጡ ሲበዛ ጭረቷ ትዋጣለች፣ ቀለበቷ ትደፈናለች። በዚህ መንገድ ሰፈራችን ውስጥ አንድ «በና ቢት» ተከፍቷል። ታፔላው ላይ የስኒ ሥዕል አለ፤ የሚሸጠውን የምናውቀው በስኒው ነው። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል። ታፔላ አንብቦ ማለፍ ማንም ይችላል፤ ቆሞ መገመት ግን አእምሮ ይከፍታል። ጎረቤቴ በአንድ ወቅት «የውበት ሳሎን» ብላ ገብታ ጎሚስታ ቤት ሆኖ አግኝታዋለች። ጎማዋም በነገራችን ላይ ነፋስ ያንሳት ነበር።

ባነሩ እስኪታተም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ቀና ስል ከልጁ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ ፊደል። ስትሮክ የለው፣ ሻዶ የለው። መነጽሬን ሳላደርግ ከበሩ ጀምሮ ይነበባል። «ቀብድ ሳይከፈል ሥራ አንጀምርም።»

«ይቺንስ ለምን ሞቅ አላደረግሃትም?» አልኩት።

«እንዴ ጋሼ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ይቺማ መነበብ አለባት።»