«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ለምትሉ ሁሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣውን ግን ከራሴ ልጀምረው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከእኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ባልና ሚስት ቡና ጠራሁ። ከተጋቡ አራት ዓመታቸው ነው። ልጅቷ ፋርማሲ ትሠራለች፤ ልጁ የአንድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቶናው ላይ ምላሴ አላርፍ አለኝና «እናንተ ልጆች፣ ምነው ዝም አላችሁ? ወሬ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

ልጅቷ ፈገግ ብላ ስኒዋን ማየት ጀመረች። ባሏ ግን ስልኩን ከኪሱ አወጣና ካልኩሌተሩን ከፈተ። የሁለቱን ደመወዝ ደመረ። የቤት ኪራይ ቀነሰ። ታክሲ ቀነሰ፣ አስቤዛ ቀነሰ፣ ለእናቱ በየወሩ የሚልከውን ቀነሰ። እዚህ ላይ ትንሽ ነገር ተርፋው ነበር። ከዚያ «ሞግዚት» አለና ቀነሰ። «ዳይፐር» አለና ቀነሰ። «የጣሳ ወተት» አለና ቀነሰ። ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ከቁጥሩ ፊት አንዲት ሰረዝ ቆማለች።

«እትዬ» አለኝ በትሕትና፣ «ይቺን ሰረዝ እርስዎ ያጠፉልናል?»

እኔም እንደ ማንኛችሁም «ተው እንጂ ልጄ! ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብዬ በረካውን ቀዳሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያቺ ሰረዝ ዓይኔ ላይ ቀረች።

እናቴ መንዝ ውስጥ ስምንት ወልዳለች። ለእሷ አባባሉ እውነት ነበር። አያቴ ምድጃው ዳር ነበረች፤ አክስቴ ከአጥሩ ማዶ። እናቴ ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፋ፣ ቅቤ የሚያነጥር፣ ውኃ የሚቀዳ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። አራስ ቤት እስክትወጣ ማጀት አልገባችም። እኔ በስድስት ዓመቴ ጥጃ እጠብቅ ነበር። በስምንት ዓመቴ ታናሼን አዝዬ ምንጭ እወርድ ነበር። ልጅ አፍ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ሁለት እጅም ይዞ ይመጣል፤ ያም እጅ ቶሎ ሥራ ይጀምራል። እንግዲህ ያ ሁሉ እጅ ነው «ዕድል» የተባለው። የአያቴ እጅ፣ የአክስቴ እጅ፣ የእኔ የጨቅላዋ ጀርባ።

አሁን አያት ገጠር ናት። አክስት አረብ አገር ናት። ጎረቤት በሩን ዘግቶ ቴሌቪዥን ያያል። ጥጃ የለም። ቢኖርም ልጁ ትምህርት ቤት ነው፣ ለትምህርት ቤቱም ይከፈላል። እጁ ሁሉ ሄደ፤ አባባሉ ብቻ ቀረ። እናንተም ባዶውን አባባል ለሰው ልጅ ታሸክማላችሁ። «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ አያድርም። ግን ዱሮ የሚዘጋው በእናንተ በኩል ነበር። አሁን በማን በኩል ይዝጋው?

ደግሞ ወጣቱ ሒሳቡን ከሠራው ቆይቷል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች ተብሎ ሲመዘገብ የአዲስ አበባዋ 1.8 ላይ ነበረች። ያኔ ዶላር ከ25 ብር በታች ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲወሰን ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የጣሳ ወተቱ ደግሞ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። እና አራት ዓመት ዝም ያሉት ባልና ሚስት ሰነፍ ሆነው ነው? ፈረንጅ ፈረንጅ ብሏቸው ነው? ተዉ እንጂ!

አንዲት ወዳጅ አለችኝ። ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንዲት ሙሽራ እጇን ይዛ «ቶሎ ውለጂ እንጂ፣ እኛም ገንፎ እንብላ!» ስትላት ሰማሁ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የምታከራየውን ቤት ለደላላ ስታስረክብ አብሬያት ነበርኩ። «ልጅ የሌላቸው ቢሆኑ ይሻላል» አለችው። «ልጅ ግድግዳ ያቆሽሻል፣ ውኃም ይፈጃል።» በእሑዱና በሰኞው ምላስ መካከል ያለችው አንዲት ሌሊት ናት። እኔም አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ፤ ስለዚህ ይህ ቁጣ ለእኔም ይገባኛል።

እናንተ አከራዮች፣ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። ልጅ ላሰበ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢያንስ ሕፃኑ ዳዴ እስኪል ዕቃ አይጭንም። ግን አዋጅ ቁልፍ አይሰጥም። ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

አለቆችም አላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከመሳቢያችሁ አውጡና አንብቡት። እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። አባት ሦስት ቀን ያገኛል። የቅርብ ዘመድ ሲሞትም የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው። ለመጣውም ለሄደውም እኩል! ሐኪም ደግሞ «ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቢ» ይላል። 90ው የሥራ ቀን ቢለጠጥ ቢለጠጥ አራት ወር ገደማ ነው። የቀሩት ሁለት ወራት የት ገቡ? ልንገራችሁ፣ መጸዳጃ ቤት ገቡ። አንዲት ዘመዴ መሥሪያ ቤቷ መጸዳጃ ውስጥ ቆማ ወተቷን ታልብ ነበር፣ ሰው በሩን እያንኳኳባት። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕጉ የሕፃናት ማቆያ አዘጋጁ ይላል። ያዘጋጁ አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። አንድ ቦታ ግን ክፍሏ የተሰባበረ ወንበር ታጭቆባት አይቻለሁ። ሥራ ልትቀጠር የመጣችን ልጅ «መቼ ልትወልጂ አስበሻል?» የምትሉት ደግሞ፣ ወንዱን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ድግሱንም አንርሳ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። መነሣቷስ ደስ ይላል። ግን ድንኳኑ፣ ቪዲዮው፣ በጉ፣ አሁን ደግሞ ቤቢ ሻወር የሚባለው ተጨምሮ ሁለት ዓመት የተጣለ እቁብ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። እኛ አንድ ጥቅል ፓምፐርስ አንጠልጥለን ሄደን ጥሬ ሥጋ በልተን እንመለሳለን። በማግስቱ ያቺን አራስ ደጇን የሚረግጥ የለም። ከዋሽንግተን እየደወለች «ዕድሜሽ እየሄደ ነው» የምትለው አክስትም ለድግሱ ትልክና ለሞግዚቷ ሲሆን ስልኳ አይሠራም።

እናንተ ወጣቶች አትሳቁ፣ ተራችሁ ደርሷል። አዳራሽ፣ ሊሞዚን፣ ስድስት ሚዜ፣ ለስድስቱም ሱፍ። የሠርግ ዕዳ ሁለት ዓመት እየከፈላችሁ «ለልጅ አቅም የለንም» አትበሉኝ። ካልኩሌተሩ ያኔም ስልካችሁ ላይ ነበር። «ኮንዶሚኒየም ሲወጣልን» የምትሉም አላችሁ። በ2005 ተመዝግቦ እስካሁን ዕጣ የሚጠብቅ ሰው አለ። ሰውነት ግን ዕጣ አይጠብቅም። ከ35 ዓመት ወዲያ የሴት ልጅ የመፀነስ ዕድል እየቀነሰ እንደሚሄድ የትኛውም ሐኪም ይነግራችኋል። አትውለዱ አላልኩም፣ ውለዱም አላልኩም። አብራችሁ ተቀመጡና «እነዚህ እነዚህ ሲሟሉ» ብላችሁ ጻፉት። ሦስት ነገር ከሆነ ሒሳብ ነው። አሥራ አምስት ነገር ከሆነ ሰበብ ነው።

ስትጠብቁም ደግሞ በወጉ ጠብቁ። የወሊድ መከላከያው፣ መርፌውም፣ በክንድ የሚቀበረውም፣ ሉፑም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ያቺ የፋርማሲዋ ልጅ እንደምትነግረኝ ሰኞ ጠዋት ሰው የሚሰለፈው ለፖስት ፒል ነው። እሱ ለድንገተኛ ነው እንጂ ለየሳምንቱ የተሠራ አይደለም። ባሎችም ስሙ። ቅድም ባልኩት ጥናት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 22ቱ ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን አንተ ነህ። ሚስትህ ካንተ ተደብቃ ሌላ ሰፈር ሄዳ መርፌ የምትወጋ ከሆነ፣ እሷን ከመጠርጠርህ በፊት ለምን እንደፈራችህ አስብ።

ለሞታችን እድር አለን። ድንኳን አለን፣ ብረት ድስት አለን፣ ወንበሩ በቁጥር ተጽፎ ተቀምጧል። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንሰበሰባለን። ሰው ሲወለድስ?

እኛ ብሎክ ውስጥ ጡረታ የወጣን አምስት ሰዎች አለን። ከዚያ ከጥቅምቱ ቡና በኋላ ነገሩን አነሣሁባቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ሞግዚት ልትቀጥሪን ነው?» አለኝ አንዱ፣ የቀድሞ መምህር ነው። ብቻ እየተጨቃጨቅን አንድ ወረቀት ላይ ማን የትኛውን ጠዋት ቤት እንደሚውል ጻፍንና ደረጃው ላይ ለጠፍነው። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ነኝ። መምህሩ ሰኞን ወስዷል፣ ግን ዳይፐር አልቀይርም ብሏል። ይኼንንም ወረቀቱ ላይ አስጽፎታል። እስካሁን የአራተኛ ፎቋ ልጅ ብቻ ናት ሕፃኗን የምታስቀምጥብን። ወተቷን አልባ ትሄዳለች፣ እኩለ ቀን ላይ እህቷ መጥታ ትወስደዋለች። ሥራውን ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ወገቤን ያመኛል።

ባልና ሚስቱ ባለፈው እሑድ ቡና መጥተው ነበር። ስለ ልጅ አላነሣሁም። ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን። ሲወጡ እሱ ቀድሞ ወረደ። እሷ ደረጃው ላይ ቆም ብላ ወረቀቱን አነበበችውና ዞር አለች።

«እትዬ፣ ይኼ ማክሰኞና ሐሙስ የሚለው፣ በሚቀጥለው ዓመትም አለ?»

«አለ» አልኳት። ለምን እንደጠየቀችኝ አልጠየቅኳትም።