ሳዑዲ የ2034ቱን የዓለም ዋንጫ ማዘጋጀት አለባት? ክርክር

ፊፋ የ2034ቱን የወንዶች ዓለም ዋንጫ ለሳዑዲ ዓረቢያ ያጸደቀው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2024 ነው። ሌላ ተወዳዳሪ አገር አልነበረም። ሁለት የሰሜን ሸዋ ሰዎች በዚህ አይስማሙም። አንዷ ሪያድ ሠራተኛ ናት፣ ለእረፍት ደብረ ሲና መጥታለች። ሌላው ደብረ ብርሃን የሚያስተምሩ የኳስ ወዳጅ ናቸው።

ከደብረ ሲና፦
ጋሼ፣ እኔ ኳስ አልጠላም። ገንዘቡም አላቸው፣ 15 ስታዲየም ቢሉ ይሠራሉ። የእኔ ጭንቀት ሠራተኛው ነው። በ2022 ሳዑዲ አርጀንቲናን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ሪያድ ነበርኩ። ንጉሡ ማግስቱ በዓል እንዲሆን አዘዙ፣ አገሩ ሁሉ አረፈ። እኛ ቤት ግን ዘመድ አዝማዱ ተጠራርቶ መጣና ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ሳበስል፣ ሰሃን ሳጥብ፣ ቡና ሳመላልስ ዋልኩ። ያኔ ፓስፖርቴ ማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። 48 ቡድን ከነደጋፊው ሲጎርፍ ሥራው ማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ያስቡት።

ከደብረ ብርሃን፦
እህቴ፣ ያየሽውን አልክድም። ግን ዋንጫው ቢቀር ማዳም ፓስፖርቱን ትመልስልሽ ነበር? ኳታርን እይ። በ2010 ዋንጫው ሲሰጣት ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር ቀርቶ ከአገር መውጣት አይችልም ነበር። ዓለም ዓይኑን ሲጥልባት የመውጫ ፈቃዱ ቀረ፣ በ2020 ሥራ መቀየር ተፈቀደ፣ በ2021 ዝቅተኛው ደመወዝ 1,000 ሪያል ሆነ፣ የቤት ሠራተኛም ተካተተች። ደግሞ ከሸዋሮቢትና ከአጣዬ ተነስቶ ባሕር የሚሻገረው ልጅ ዋንጫ ኖረም አልኖረም መሄዱን አይተውም። ከሄደ አይቀር ጋዜጠኛ ባለበት ጊዜ ቢሠራ ይሻለዋል።

ከደብረ ሲና፦
እሱ ሁሉ የመጣው እኮ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው! እስከዚያ ስንቱ ሬሳው በሳጥን አገሩ ገባ። ብዙዎቹ «በተፈጥሮ ምክንያት ሞተ» ተብሎ ተጻፈላቸው፣ ቤተሰብም ካሳ ሳያገኝ ቀረ። ጋዜጠኛው ስታዲየሙን ያያል፣ ቤት ውስጥ ያለችውን ማን ያያል? ሳዑዲ በ2021 ሠራተኛ አሠሪ እንዲቀይር ስትፈቅድ የቤት ሠራተኛ፣ የቤት ሹፌር፣ እረኛና አትክልተኛ አልገቡበትም። እስቲ ከእኛ ሰፈር የሄደውን ይቁጠሩ። ሴቷ ቤት ውስጥ፣ ወንዱ በግና ግመል ሲጠብቅ አይደል?

ከደብረ ብርሃን፦
ለቤት ሠራተኛም ደንብ አለ እኮ። ፓስፖርት መያዝ ክልክል ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን እረፍትም ተጽፏል። ዋንጫው አንዴ ተሰጥቷል፣ አይሆንም ብሎ መጮህ ምን ይፈይዳል? ደንቡን ይዞ መሞገት ነው እንጂ። ፊፋ ስሙ እንዲጎድፍ አይፈልግም፣ የእኛም መንግሥት ዜጋ ሲልክ ይህንን መጠየቅ አለበት።

ከደብረ ሲና፦
ደንቡን አውቀዋለሁ። አሠሪው ቤት በር ላይ ቆሞ «የሠራተኛዋ ፓስፖርት የት ነው?» ያለ ሰው ግን አላየሁም። መጠየቅ ካለበት ይሄ ይጠየቅ፦ ፊፋ ለስታዲየም ሠራተኛ የሚያስገባውን ቁጥጥር ለሆቴሉም ለቤቱም ያስገባ፣ በአማርኛ የሚመልስ የአቤቱታ ስልክ ይኑር፣ ስልኳን ለተቀማችው ደግሞ ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው ይመደብ። ይሄ ሳይሆን ግን ጋሼ፣ «ያዘጋጁ» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።