ኦዞን ሲባል ብሮማይዱን ማን ለካው?
ጽሑፉ የመጠጥ ውሃን ጀርም ስለ መግደል ሲያወራ «ክሎሪኑን በኦዞን (ጀርም የሚገድል ጋዝ) ብንተካው ጎጂው ተረፈ ውህድ ይጠፋል» የሚለው ላይ አልስማማም። ክሎሪን ውሃው ውስጥ ካለ የቅጠልና የአፈር ብስባሽ ጋር ሲገናኝ ክሎሮፎርምና ዘመዶቹን (ያንን ጎጂ ተረፈ ውህድ) እንደሚፈጥር፣ ሩክ የሚባል የሮተርዳም ኬሚስት በ1974 እ.ኤ.አ. ካሳየ ወዲህ የታወቀ ነው። ግን ኦዞንም የራሱ ጣጣ አለው። ውሃው ብሮማይድ (በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ የሚገኝ ጨው መሰል ነገር) ካለው ብሮሜት የሚባል ሌላ ጎጂ ውህድ ይወጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለእሱ ያስቀመጠው ጣሪያ ደግሞ በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ኦዞን ቧንቧ ውስጥም አይቆይም፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ጠብ ማድረግ አይቀርም። ከላይ አስተያየትህ ላይ «ክሎሪን ጭራሽ ይቅር» ያልከው ወንድሜ፣ ኮሌራ እኮ እንደ ክሎሮፎርም ዓመታት አይጠብቅህም። እኔ ማጣሪያ ጣቢያ ላብራቶሪ ስሠራ የምንጠቀመው ፐርማንጋኔት የሚባል ሐምራዊ ኬሚካል ነበር፣ ገና ውሃው ሲገባ። ክረምት ላይ ውሃው ሻይ መስሎ ሲመጣ ስድስት ብርጭቆ ደርድረን፣ በየአንዳንዱ የተለያየ መጠን ጨምረን፣ ሐምራዊው ቀለም እስኪጠፋ ቆመን እናያለን፤ አንዴ እጃችን ከብዶ ሮዝ ውሃ አሸዋው ማጣሪያ ድረስ ዘልቆ ገብቶ አለቃችን ያወረደብን መዓት አይረሳኝም። ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? ክሎሪኑን ከመግቢያው አንስተን፣ ብስባሹ በአልሙ (ቆሻሻ የሚያዘቅጥ ጨው) ከዘቀጠ በኋላ እንዲጨመር ማድረግ ቻልን። ጎጂው ተረፈ ውህድ በዋናነት የቀነሰው በዚህ እንጂ ፐርማንጋኔቱ ተአምር ሠርቶ አይደለም። የጽሑፉ ጸሐፊ፣ የሚያወራለት ውሃ ብሮማይድ ተለክቶ እንደሆነ ቢነግረን ጥሩ ነበር።